ደረሰኝ ያለው መንገድ፣ ገመድ ያለው መንገድ

ከላስታ ተነስቶ አዳማ ደርሶ የሚመለስ የጭነት መኪና ሹፌር ለመንገድ ስንት ጊዜ ይከፍላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሃያ ዓመት ገደማ መሪ የጨበጠ አንድ የላስታ ሰው ግን በጣቱ እየቆጠረ ለመመለስ ሞክሮ መሃል ላይ ጠፍቶበታል። ድሮ አይሱዙ ነበር የሚነዳው፤ አሁን ሲኖትራክ ነው። ሲወጣ ስንዴ፣ ዱቄት፣ ሲሚንቶ ይጭናል። ሲወርድ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው፤ ከላስታ የሚወርድ ጭነት ጥቂት ነውና። ከፀሐይ መከላከያው ሥር በላስቲክ የታሰሩ ደረሰኞች አሉት። ወፍራም ጥቅል ይመስላል፣ ሲፈታ ግን አብዛኛው የነዳጅና የጎማ ነው። የመንገድ ተብሎ የተጻፈበት አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ከአዳማ ቱሉ ዲምቱ።

ነዳጅ ሲሞላ ለመንገድም እየከፈለ ነው። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የመንገድ ፈንድ የሚባል ተቋም አለ፤ የአገሪቱ መንገዶች የሚጠገኑበት ገንዘብ በዋናነት ከነዳጅ ላይ ይሰበሰባል። ይህ ክፍያ ከነዳጁ ዋጋ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሄድ ሹፌሩ አያየውም። ያላየውን ገንዘብ ደግሞ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ከተማ ገብቶ ጭነት ሲያራግፍ ኮቴ ይከፍላል። ቃሉ የከብት ኮቴ ነው፤ በቅሎው ቀርቶ ጎማ ሲመጣ ስሙን የሚቀይርለት አልተገኘም። ከዚያ ገመዱ አለ። ዝናብ አስፋልቱን ወይም ጠጠሩን ሲበላው የአካባቢው ልጆች ጉድጓዱን ድንጋይና አፈር ይሞሉና ገመድ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ከገባበት ግጭት ጋር ደግሞ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። የት ቦታ ማን ቆሞ ምን እንደሚጠይቅ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። መንግሥት ራሱ "ሕገወጥ ኬላ" የሚለውን ቃል በስብሰባ መጥራት ከጀመረ ቆይቷል፤ የኑሮ ውድነት በተነሳ ቁጥር ቃሉ አብሮ ይነሳል።

የመኪናው ባለቤት አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ሒሳብ ሲተሳሰቡ የሚቀበለው ማኅተም ያለበትን ብቻ ነው። እውነቱን ነው፤ እሱም ለገቢዎች የሚያሳየው ያንኑ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከከፈለው ውስጥ ደረሰኝ ያለው ይመለስለታል፣ የቀረው ከአበሉ ይሄዳል። የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ውድ ነው ብሎ የሚያማርር ሹፌር ብዙ ነው። ይህ ሰው ግን አማርሮ አያውቅም። ለሱ ከመንገዱ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ ከኪሱ አይወጣምና።

*

ስለዚህ ተቋም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከነመጋጠሚያው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ11 ቢሊዮን ብር በላይ ፈጅቷል፤ ከወጪው ትልቁ ክፍል ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር፣ የሠራውም የቻይና ኩባንያ ነው። በመስከረም 2007 ዓ.ም. በክፍያ ሥራ ጀመረ። የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ የመንግሥት የልማት ድርጅት ነው። ሲገቡ ካርድ ይሰጣሉ፣ ሲወጡ በመኪናው ዓይነትና በሄደበት ርቀት ያስከፍላሉ። በምትኩ አጥር አለ፣ ከብትና ሰው የሚሻገርበት የውስጥ መተላለፊያ አለ፣ የተበላሸ መኪና የሚጎትት አለ፣ አደጋ ሲደርስ የሚመጣ አለ። በኋላ የድሬዳዋ–ደወሌ መንገድ ታከለ፤ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ጅቡቲ ድንበር። ከዚያ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው መጣ፤ እሱ ወደ ሐዋሳ የሚዘልቀው የ200 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር መጀመሪያ ነው። ያ መስመር ራሱ በአራት ተቆርጦ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ኮሪያ፣ የዓለም ባንክና ቻይና የየድርሻቸውን የያዙት ነው።

የድሬዳዋ–ደወሌው ልብ ሊባል ይገባዋል። ስድስት መስመር ያለው ሰፊ ጎዳና አይደለም፤ መኪናና መኪና ፊት ለፊት የሚተላለፉበት ተራ አስፋልት ነው። ያስከፍላል። ስለዚህ አንድን መንገድ የክፍያ መንገድ የሚያደርገው ስፋቱ አይደለም። ወደብ የሚወስድ መሆኑ ነው፤ የማያቋርጥ የከባድ መኪና ሰልፍ ስላለው ነው። ካርታውን ዘርግቶ የተመለከተ ሰው የክፍያ መንገዶቹ ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ያያል። ወደ ሰሜን አንድም የለም።

*

ሹፌሩ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር አንድ ሽማግሌ አጎት አለው፣ የአባቱ ወንድም፣ ካህን። በአንድ የገና ሰሞን ቤታቸው ተቀምጠው ጠላ እየጠጡ ስለዚያ መንገድ አወራላቸው። ሽማግሌው ሳቁ።

"ለመንገድ ከፈልህ? ኬላ ተመለሰ በለኛ!"

"ኬላ አይደለም አባ፣ ኩባንያ ነው።"

"ኬላም ባለቤት ነበረው ልጄ።"

"አንቱ ደግሞ! ይሄኛው ደረሰኝ ይሰጣል፣ መንገዱም እንደ ምንጣፍ ነው።"

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ "ሌላ መንገድ አለው?" ብለው ጠየቁ። ሹፌሩ አለው አለ። አሮጌው መንገድ በዱከምና በደብረ ዘይት አድርጎ፣ ሞጆን አልፎ አዳማ ይገባል፣ በነፃ ነው፤ ይጨናነቃል እንጂ ያደርሳል።

"እንግዲያ ኬላ አይደለም" አሉ። "ኬላ ማለት መዞሪያ የሌለው ነው።"

የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህንኑ ለማለት ብዙ ገጽ ይጽፋሉ። አማራጭ ያለው ክፍያ ዋጋ ነው፦ ጊዜ የቸኮለ ይገዛል፣ ያልቸኮለ አይገዛም። አማራጭ የሌለው ክፍያ ግን ምንም ስም ቢሰጡት፣ በካርድም ይሁን በቴሌብር ቢቀበሉት፣ ኬላ ነው። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። እሱን የማይፈልግ በድልብ ዞሮ በኩልመስክ ይምጣ ይባል ይሆናል፤ ያንን ዳገትና ጠጠር በክረምት የሞከረ ሹፌር ግን አማራጭ ብሎ አይጠራውም።

ኬላ ለላስታ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። ከአፋር የጨው ሜዳ የሚወጣው አሞሌ ወደ መሃል አገር ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ በሰቆጣና በላስታ ያለፈው ነበር። ነጋዴው በየገዥው ግዛት በር ላይ ይከፍላል። ኬላውን የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ ደሞዝተኛ አልነበረም፤ ለገዥው በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ሊያስገባ ተስማምቶ የሚሰበስበውን ትርፍ ለራሱ የሚያስቀር ነው። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ከንግድና ከኬላ ጋር የተቆራኘው በዚህ ነው። ይህ ዛሬ በባዕድ ቃል ኮንሴሽን የሚባለው ነገር ዘመድ ነው። መንግሥት የመሰብሰብ መብቱን ለሌላ ይሰጣል፣ ሌላው አስቀድሞ ወይም በየዓመቱ ይከፍለዋል፣ መንገደኛው ደግሞ ለሁለቱም ይከፍላል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ግን ትልቅ ነው። ኬላ ጠባቂው መንገዱን የመሥራትም የመጠገንም ግዴታ አልነበረበትም። ወንዝ ቢሞላ ነጋዴው ይጠብቃል፣ ወንበዴ ቢመጣ ነጋዴው ይዋጋል።

*

አገሪቱ ዘመናዊውን የኮንሴሽን ውል ያወቀችው በባቡር ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ለ99 ዓመት የሚቆይ ነበር። ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ታስቦ፣ ሌላ ኩባንያ ተወዳዳሪ መስመር እንዳይዘረጋ ተከልክሎ። ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው ዞረ፤ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የተወለደችውም ከዚያ መዞር ነው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰረ፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ለአዲስ ኩባንያ ተጻፈ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሃል ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ስለዚህ ሐዲድ የተጨቃጨቁት ስለ ባቡር ብቻ አልነበረም። የአገር መግቢያ በር በማን እጅ ይሁን የሚል ክርክር ነበር። የ99 ዓመት ፊርማ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው፤ ፈራሚው ያልፋል፣ ውሉ ይቆያል።

ወሎ የራሱን ለመፈረም የተቃረበው በ1920 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ ወር ራስ ተፈሪ ከጣሊያን ጋር ባደረጉት የሃያ ዓመት የወዳጅነት ስምምነት ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ ነፃ ቀጠና ልታገኝ፣ ከአሰብ ደሴ የመኪና መንገድ ሊሠራ፣ በመንገዱ ላይ ጭነት የማመላለስ ብቸኛ መብት ያለው የሁለቱ አገሮች የጋራ ኩባንያ ሊቋቋም ተስማሙ። ለሰሜኑ ይህ ትልቅ ዕድል ይመስል ነበር፤ የጅቡቲው ባቡር ንግዱን ሁሉ ወደ ምሥራቅ ሲስበው ወሎ ወደ ባሕር የራሱን አፍ ሊያገኝ ነበር። ግን መንገድ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ጨውና ቡና የሚወርድበት ታንክ ሊወጣበት እንደሚችል አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች አልጠፋቸውም። ነገሩ ተጓተተ፣ መንገዱም በውሉ መሠረት ሳይሠራ ቀረ። ሰባት ዓመት አልፎ ጣሊያን ያለ ውል መጣ። ከዚያ በኋላ ከአሰብ ደሴ፣ ከደሴም በወልድያ ወደ አስመራ የጠረገው መንገድ ማንንም ሳያስፈቅድ የተሠራ ነው። የዛሬ ሹፌሮች የሚጓዙበት የአዲስ አበባ–ደሴ–ወልድያ መስመር፣ ጣርማ በር ላይ ያለውን ዋሻ ጨምሮ፣ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

ከወልድያ ወደ ላስታ የሚያወጣው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ ቻይና ወለድ የሌለበት ብድር ሰጠች፤ ከብድሩ ሥራዎች አንዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የወልድያ–ወረታ መንገድ ሆነ። ሲሠራ ንጉሡ ወርደው ደርግ ገብቶ ነበር። የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ "የቻይና መንገድ" ይለዋል። ሽማግሌው ያን ጊዜ ዲያቆን ነበሩ፤ ሥራው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። የሚያስታውሱት ቻይኖቹ ራሳቸው አካፋ ይዘው አብረው መቆፈራቸውን ነው። ያስገርማቸው ነበር፤ አለቃ ሲቆፍር አይተው አያውቁምና።

ያው አገር ሁለት መንገድ ሠራ ማለት ነው። አንዱ ድልብን ወጥቶ በጋሸና የሚያልፈው፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ክፍያ በር፣ በጠጠር። ሌላው ከአርባ ዓመት በኋላ ሜዳው ላይ፣ በብድር፣ በክፍያ በር፣ በስድስት መስመር። የመጀመሪያው ስጦታ ለመባል የቀረበ ስለነበር ላስታ አመስግኖ ተቀበለ። የስጦታ ችግሩ ሲበላሽ የሚጠየቅበት ሰው አለመኖሩ ነው።

*

ለመሆኑ ላስታ ላይ የክፍያ መንገድ ቢኖርስ? ላሊበላ ውስጥ በየሻይ ቤቱ ይህን ሐሳብ የሚያነሳ ወጣት አይጠፋም፤ በተለይ አስጎብኚ የነበሩት። የውጭ ጎብኚ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ለዓመታት 50 ዶላር ሲከፍል ኖሯል፣ ለመንገዱ ጥቂት ቢጨምር ምን አለበት ይላሉ። ሒሳቡን አብሮ ማስላት ይቻላል። ከጋሸና ላሊበላ በቀን 200 መኪና ያልፋል እንበል፣ እያንዳንዱም 200 ብር ይክፈል እንበል። በቀን 40 ሺህ ብር ነው። በዓመት አንድም ቀን ሳይዘጋ 14.6 ሚሊዮን። የደጋ አስፋልት አንድ ኪሎ ሜትሩ በአስር ሚሊዮኖች ብር በሚቆጠርበት አገር፣ ዓመቱን ሙሉ የተሰበሰበው አንድ ኪሎ ሜትር ማንጠፉ ያጠራጥራል። ከዚያ ላይ የሰብሳቢው ደሞዝ አለ፣ የጥበቃው አለ፣ በየክረምቱ የሚናደው ገደል አለ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳይዘጋ የሚለውን ደግሞ የላሊበላ ሰው ሲሰማ ፈገግ ይላል። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋሸና የጦር ግንባር ነበረች።

ማንም ኩባንያ ይህን ሒሳብ አይቶ አይመጣም። አዋጁ አለ፤ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010። የግል ባለሀብት መንገድ ሠርቶ ለተወሰነ ዓመት እያስከፈለ ገንዘቡን እንዲመልስ በሩን ይከፍታል። በዕጩነት የተያዘው ግን ከአዳማ በአዋሽና በሚኤሶ አድርጎ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ነው። ናይሮቢም ያው ነው፤ የቻይና ኩባንያ በራሱ ገንዘብ 27 ኪሎ ሜትር ሠርቶ ለ27 ዓመት ሊሰበስብ የገባው ኤርፖርቱንና ዋናውን ከተማ በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። ኮንሴሽን ገንዘብ ያለበትን መንገድ ፈልጎ ይሄዳል፤ ገንዘብ የሌለበት ቦታ መንገድ ከፍቶ አያውቅም። ይህን ከኩባንያ መጠበቅ ሞኝነት ነው፣ በኩባንያ መናደድም እንደዚያው።

ንዴቱ መሄድ ያለበት ወደ ሌላ ነው። የክፍያ መንገድ ሲጀመር የሚቀርበው ምክንያት ጥሩ ምክንያት ነው፦ የሚጠቀመው ይክፈል፣ አቅም ያለው መስመር ራሱን ይቻል፣ የተረፈው የመንግሥት ገንዘብ አቅም ወደሌለው ይሂድ። የአዳማን መንገድ የአዳማ ተጓዥ ከከፈለው የድልብን ዳገት መንግሥት ይጠግናል ማለት ነው። ይህ እውነት ከሆነ መታየት አለበት። "በክፍያ መንገዶቹ ምክንያት ይህን ያህል ዳነ፣ ይህን ያህሉ ዋግ፣ ይህን ያህሉ ላስታ፣ ይህን ያህሉ ቦረና ሄደ" የሚል አንድ ገጽ በየዓመቱ ቢወጣ ኢንተርፕራይዙ ከሚያወጣው የገቢ ዜና ሁሉ ይበልጥ ነበር። የጋሸና–ላሊበላ አስፋልት ስንት ዓመት ሲለመን እንደኖረ የሚያውቅ ሰው ያንን ገጽ በጉጉት ያነባል። "ተጠቃሚ ይክፈል" የሚለው መርህ ደግሞ የላስታን ተጠቃሚ ያልከፈለ አስመስሎታል። ከፍሏል። በጎማ ከፍሏል፣ በተሰበረ ባሌስትራ ከፍሏል፣ አራት ሰዓት በሚፈጅበት ዘጠኝ ሰዓት በመቆም ከፍሏል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ኩንታሉ ላይ ይወጣል፤ ላሊበላ የደረሰ ሲሚንቶ ዋጋው ውስጥ መንገዱ አለ፣ ዱቄቱ ውስጥም አለ። የመንገድ ክፍያ በር የሌለበት አገር እንጀራው ላይ ነው የሚከፍለው።

*

ኩባንያ መኖሩ በራሱ መድኃኒት አለመሆኑን ጣሊያኖቹ በደንብ ያውቁታል። የዓለም የመጀመሪያው የመኪና ብቻ የክፍያ ጎዳና ሚላን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1924 የተከፈተው ነው። ከዘጠና አራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ጄኖቫ ላይ የሞራንዲ ድልድይ ተደርምሶ 43 ሰው ሞተ። ድልድዩን ይዞ ሲያስከፍል የነበረው አውቶስትራዴ ፐር ሊታሊያ የሚባለው ኩባንያ ነው፤ በአገሪቱ ትልቁ። ዝናብ እየዘነበ፣ መኪናው ሁሉ ከፍሎበት በገባው መንገድ ላይ ነው የወደቀው። መንግሥት ውሉን ልንጠቅ ሲል ውሉ ውስጥ ከባድ ካሳ የሚያስከፍል አንቀጽ አገኘ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2022 በመንግሥት ባንክ የሚመራ ቡድን ገዛው። ለኩባንያው የሚጠቅመው አንቀጽ በጥንቃቄ ተጽፎ ነበር፤ ድልድዩን ማን በየጊዜው ይፈትሽ፣ የፈተሸውንስ ማን ይፈትሽ የሚለው ግን እንደዚያ አልተጠበቀም።

ደቡብ አፍሪካም ሌላ ትምህርት አላት። በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ ዙሪያ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ኤሌክትሮኒክ የመንገድ ክፍያ አሥር ዓመት ቆይቶ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ተዘጋ። መሣሪያው ሠርቷል፣ ካሜራው ታርጋውን ያነብ ነበር። ሰዉ አልከፍልም አለ። ሳንጠየቅ ተሠራብን፣ በነዳጅ ላይም እንከፍላለን፣ ለምን ሁለቴ? አሉ። ዕዳው ዞሮ የመንግሥት በጀት ላይ ወደቀ። የላስታው ሹፌር በነዳጅም፣ በኮቴም፣ በገመድም፣ በሌላውም ሲከፍል እንዲህ የማለት ዕድል አላገኘም። አልከፍልም ሊል የሚችልበት መሥሪያ ቤት የለም፤ ገመዱን አልከፍልም ቢል ገመዱ አይነሳም።

ወሎ ውስጥ ኩባንያ የገባበት የትራንስፖርት ሥራ የለም ማለት አይደለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን የባቡር ሐዲድ የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ትልቁን ክፍል ሠርቶታል። ሐራ ገበያ ከወልድያ ቅርብ ናት፤ ሐዲዱ ቢንቀሳቀስ የላስታ ስንዴ ከአዳማ ሳይሆን ከሐራ ይጫን ነበር። በጦርነቱ ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ሹፌሩ በሐራ ባለፈ ቁጥር ሐዲዱን ያያል። ከሱ ሥራ የሚነጥቅ ቢሆንም ባቡሩን ይመኘዋል፤ ረጅሙን መንገድ ባቡር ይውሰደው፣ ዳገቱን እኔ እችላለሁ ይላል።

*

ባለፈው ክረምት ድልብ ላይ፣ ጉም መሬት በነካበት ጠዋት፣ ገመድ ገጠመው። ሦስት ልጆች ናቸው፣ አንዱ የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሷል። አካፋና አንድ ባሬላ አላቸው። "አያ፣ ለመንገዱ" አለው ሹራብ የለበሰው። ሹፌሩ መቶ ብር አወጣና ሳይሰጥ ቆይቶ፣ "ደረሰኝ አለህ?" አለው። ልጁ ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊቱን አየው። ከዚያ ከቦርሳው ደብተር አወጣ፣ ቅጠሉን ቀደደና ጻፈ፦ "ከድልድዩ በላይ ላለው ጉድጓድ መጠገኛ 100 ብር ተቀብለናል።" ቀን ጻፈበት፣ ፈረመበት።

የመኪናው ባለቤት ወረቀቱን አይቶ ብዙ ሳቀ። ማኅተም የለውም አለና መለሰለት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሹፌሩ ሃምሳ ኩንታል ትርፍ ጭኖ በዚያው ሲወጣ ከድልድዩ በላይ ያለው ጉድጓድ በጥርብ ድንጋይ ተሞልቶ፣ ላዩ በአሸዋ ተደልድሎ አገኘው። ጎማው ሳይንገጫገጭ አለፈ። ከመቶ ሜትር በኋላ ዝናቡ አዲስ ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር፤ ገመዱም እዚያ ተዘርግቷል። ልጁ ደብተሩን አስቀድሞ ከፍቶ ይዟል።

"አያ፣ የዚህኛውን ልጻፍ?"

ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ ጉድጓዱን እየለካ ነበር።